የቀይ ባሕር ጭቃ በቡራዩ

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

የላቦራቶሪው ፍሪዘር ተበላሸ። «ሠሪ ይጠራል» ተባልኩ። ማን ይጠራል? መቼ? የሚያውቅ የለም። አየር በማያስገባ ከረጢት የታሸጉትን ስድስቱን ቱቦዎቼን በረዶ ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከአስኮ ቡራዩ በሚኒባስ።

ረዳቱ ሳጥኑን ነካ ነካ አደረገና፣ «ዓሣ ነው?»

«ጭቃ ነው።»

«ቡራዩ ጭቃ ጠፍቶ ነው ከከተማ የምትጭኚው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። ደስ አለኝ እኮ… ጠዋት ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ለጨዋታ ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የሚኒባስ ረዳት ሲቀልድብኝ ደስ ይለኛል። ጉድ ነው።

ግን እውነትም ጭቃ ነው። ቀይ ባሕር ወለል ላይ፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት፣ ከባሕሩ ራሱ በብዙ እጥፍ ጨዋማ የሆነ ውሃ ከመሬት ውስጥ ይመነጭና ጎድጎድ ባለው ቦታ ይተኛል። ባሕር ውስጥ ያለ ሐይቅ በሉት። (በሉት? ለማን ነው የምጽፈው?) የእኔ ጭቃ ከዚያ ሐይቅ ዳርቻ የወጣ ነው። ዶክተር ስምዖን፣ አማካሪዬ፣ መርከብ ካላቸው ሰዎች ለመመረቂያ ሥራዬ ለምነው አመጡልኝ። እኔ ባሕር የሚባል በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ጥቁር ነው። ያጠቆረው ብረት ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን መርዛም ጋዝ ይዞ ሲያስቀረው እንደዚያ ይጠቁራል። ምን ያህሉን ያዘ? ምን ያህሉ አምልጦ ወደ ላይ ወጣ? እሱን ነው የምለካው። ሦስት ዓመት የደከምኩበት እሱን ነው። አየር ከነካው ግን አለቀ… ይዝጋል፣ ቡናማ ይሆናል፣ መልሱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አይከፈትም፣ አይቀልጥም።

እኔ ጋ ፍሪዘር የለም። ባለሱቁ ከድሩ ጋ አለ፣ ጄኔሬተርም አለው። ዶሮዎቹ አጠገብ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ሐራም ነገር የለበትም አይደል?»

«ጭቃ ነው፣ ከድሩ።»

«ወላሂ አንቺ ልጅ…» አለና ክዳኑን ዘጋው።

ኅዳር 12፣ እሑድ

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ፣ መንደሩ ጭስ በጭስ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ከማንም ጋር ቀጠሮ ስለሌለኝ ወደ ገፈርሳ ሄድኩ።

ባዶ እጄን አይደለም። ማወዳደሪያ ያስፈልገኛል፤ ጨው የሌለበት፣ ከውሃ ሥር ያለ ተራ ጭቃ። ከግድቡ ዳር፣ ሣሩ ላይ ጂፒኤሴን አስቀምጬ ቦታውን መዘገብኩ፣ ጭቃውን በቱቦ ወጋሁ፣ ያወጣሁትን በላስቲክ ቋጠርኩ። አንድ ሽማግሌ ከከብቶቻቸው ጋር ቆመው ያዩኛል። እጄን አውለበለብኩላቸው። ዝም።

ሄጄ ሰላም ልላቸው ይገባ ነበር? ኦሮምኛዬ «አካም» ላይ ያልቃል። አፈርኩና ተመለስኩ።

ኅዳር 13

ስልኬ ዛሬ አንዴ ጮኸ። ካርድ ሙሉ የሚል የቴሌ መልእክት።

ኅዳር 20፣ ሰኞ

ሚኒባስ ውስጥ ወሬው ሁሉ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ገበሬ መሬት ላይ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ነው። ጊንጪ ተማሪዎች ወጡ፣ አምቦ እንዲህ ሆነ፣ ሱሉልታም ሊነሳ ነው… አንዱ ሲናገር ሌላው በክርኑ ይጎሽመዋል። ዝም ይባላል።

ማታ አዴ ገለቴ፣ አከራዬ፣ በሬ ላይ መጥተው ቆሙ። ጊቢው ውስጥ ያለነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ከቤቱ ጀርባ ያለችው የስንዴ ማሳ ናት ያለቻቸው። ሁለት ጊዜ ለልማት ተብሎ ተቆርሶባታል።

«ይሄ ፕላን የሚሉት… የኔንም ይወስዳል?»

«እኔ በምን አውቃለሁ፣ አዴ ገለቴ?»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ ብዬ ነው።»

«የኔ ትምህርት ኬሚስትሪ ነው።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ «ነጋ ቡሊ»፣ ደኅና እደሪ፣ ብለው ገቡ። ሌላ ጊዜ ቁጭ ይሉ ነበር… ምን አጠፋሁ?

ኅዳር 27፣ ሰኞ

መንገዱ ተዘጋ። ድንጋይ፣ ግንድ፣ የተቃጠለ ጎማ። ወደ አስኮ በኩል ተኩስ ተሰማ። አዴ ገለቴ በሩን ቀረቀሩ፤ እኔም ቀረቀርኩ። በአንድ ጊቢ ሁለት ሰው፣ ሁለት የተቀረቀረ በር። አብረን ብንፈራ ምን ነበረበት?

ዶክተር ስምዖን ደወሉ። የመለኪያው መሣሪያ ተራዬ ታኅሣሥ 5 ነው፤ የሚሠራበት ጋዝ ከዚያ በኋላ ያልቃል፣ ሌላ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

«ቱቦዎቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«እንዳትነካኪያቸው።»

አንቺስ እንዴት ነሽ አላሉም። እሺ፣ ይሁን… የሳቸውስ ቢሆን ስንት ጣጣ አለባቸው።

ኅዳር 29፣ ረቡዕ

ይህን ቀን መጻፍ አልፈለግኩም። ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ዛሬ የአዴ ገለቴ ደቦ ነበር። ስንዴው ከደረሰ ሰንብቷል፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ፍሬው ይረግፋል። እሳቸው ዓመቱን ሙሉ በሰው ደቦ ሲውሉ ነው የከረሙት፤ ጉልበት ባይኖራቸው ምግብ ይሠራሉ፣ ውሃ ያመላልሳሉ። ዛሬ ተራው የሳቸው ነበር። ጠላው ተጠምቋል፣ ሽሮው በትልቁ ድስት ተሠርቷል፣ አግዳሚው ከየቤቱ ተለምኖ ተደርድሯል።

ማንም አልመጣም።

አንድ ሰው እንኳ። አዴ ገለቴ አጥሩ ጋ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ሰው ያልፋል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ያልፋል። ከጎናቸው ሄጄ ቆምኩ። «በመንገዱ መዘጋት ይሆናል» አልኩ። «ጎረቤቴ ከዚያ እዚህ ለመምጣት አስፋልት አያስፈልገውም» አሉኝ። ወደ ውስጥ ገብተው የድስቱን ክዳን ከደኑት።

ከሰዓት በኋላ ከድሩ ጋ ሄድኩ። ሱቁ ግማሽ ተዘግቷል።

«ምንድን ነው የሆነው?»

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በአንቺ ነው።»

«በኔ?!»

«ገፈርሳ ዳር መሬት ስትለኪ ታይተሻል። በመሣሪያ። አፈርም በላስቲክ ቋጥረሽ ሄደሻል። ኦቦ ዱቤ በዓይናቸው አይተዋል፣ ግጦሹ የሳቸው ነው። ገለቴ የማስተር ፕላኑን ቀያሽ ቤቷ አስቀምጣለች ነው የሚባለው። እኔንም ፍሪዘርህ ውስጥ ያለው የማን መሬት ነው እያሉኝ ነው።»

ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ የትኛው እንደሚቀድም ጠፋኝ። ቀያሽ! እኔ! ከእማዬ ሞት በኋላ የቀበሌ ቤታችንን ያስረከብኩ፣ ለራሴ እንኳ አንድ ክንድ መሬት የሌለኝ…

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ

ቦኖ ላይ ወረፋ ያዝኩ። ሰላም አልኩ። አልመለሱልኝም። የቅርብ ጎረቤታችን ድንቅቱ እንኳ ጀሪካኗን አንስታ ዞረች።

ትናንት ማጭድ ተበድሬ አጨዳ ገብቼ ነበር። እኔና አዴ ገለቴ። አንዲት ጥግ ሳንጨርስ ጣቴን ቆረጥኩ። እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ዛሬ ሻንጣዬን አወጣሁ። «ልሂድልዎት» አልኳቸው። «እኔ ከሄድኩ ይመጡልዎታል።»

ተቆጡ። እንዲህ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። «ብትሄጂ፣ እውነት ነበር ማለት ነው! ደብቃ አሸሸቻት ነው የሚሉኝ! ስንዴውም ይረግፋል፣ እኔም እንደዚሁ እቀራለሁ። ግቢ!»

ገባሁ። ሻንጣውን አልጋው ሥር መለስኩ። ከሄድኩም፣ ከቀረሁም ጥፋቱ የሳቸው ላይ ነው የሚወድቀው። ሰው አገር ገብቼ፣ ጭቃ ልቆፍር ብዬ፣ አንዲትን ባልቴት ጎረቤቶቿን ነጠቅኳት። ምነው ያኔ ሄጄ ሽማግሌውን ሰላም ብያቸው ቢሆን!

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

አዴ ገለቴን ይዤ ኦቦ ዱቤ ጋ ሄድኩ። በር ላይ አቆሙን። አላስገቡንም፣ አላባረሩንምም።

የገፈርሳውን ጭቃ ከነላስቲኩ ሰጠኋቸው። «ይሄ ከእርስዎ ግጦሽ ዳር ያወጣሁት ነው። ሳልጠይቅ ነው የወሰድኩት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ተቀብለው በጣታቸው አሹት። «አዎ፣ የእኛ ነው» አሉ በአማርኛ። ቀጠሉ፦ «የልጄን መሬት ከመውሰዳቸው በፊት፣ አንድ ሰው እንደ አንቺ ብቻውን መጣ። እንደ አንቺ ትሑት ነበር። አፈር በላስቲክ ቋጥሮ ሄደ። በዓመቱ ግንብ መጣ።»

በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።

ስለ ባሕሩ ነገርኳቸው። አዴ ገለቴ ያስተረጉማሉ፣ ግማሹ ለሳቸውም አልገባቸውም። ከድሩ ፍሪዘር ውስጥ ያለው የዚህ አገር አፈር አይደለም፣ የባሕር ወለል ነው፣ ጨው ነው አልኩ።

«አሳዪኝ።»

«ከከፈትኩት ይበላሻል። ማክሰኞ ከተማ ወስጄ ለክቼ፣ የተረፈውን…»

«ማክሰኞ መንገዱ ይከፈታል?»

ዞሬ መንገዱን አየሁ።

«ስንዴውስ ይጠብቅሻል?»

ስመለስ ዶክተር ስምዖን ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ማርያማዊት፣ አንዱንም እንዳትከፍቺ» አሉኝ። «የሰፈር ወሬ ነው፣ ያልፋል። መንገዱም በሁለት በሦስት ቀን ይከፈታል። ያ ጭቃ ግን ሌላ የለም።» እውነታቸውን ነው። ሌላ የለም።

የአዴ ገለቴ መስኮት መብራት አልነበረውም። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ነው… ሲያስሉ ይሰማኛል። ወሬው ያልፍ ይሆናል። እሳቸውስ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የሚያልፍላቸው?

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ

ከፈትኩት።

ከድሩ ሱቁን ዘግቶ ቱቦዎቹን ራሱ ተሸክሞ መጣ። «ከኔ ፍሪዘር የወጣ ነውና እኔም ልየው» አለ። ኦቦ ዱቤ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ድንቅቱ መጣች፣ የቦኖው ሴቶች መጡ። ለደቦው የተደረደረው አግዳሚ እንዳለ ነበር፣ ተቀመጡበት።

ብልጥ ልሁን ብዬ ከሐይቁ ራቅ ካለ ቦታ የተወሰደውን፣ ቢበላሽም ብዙ የማይጎዳኝን፣ አንዱን ብቻ አነሳሁ።

«አምስቱን ለማን ነው የምትደብቂው?» አሉ ኦቦ ዱቤ።

ፊታቸው ላይ ተንኮል የለም። እንዲሁ ጠየቁ። አዴ ገለቴ ቀና ብለው አላዩኝም፣ እጃቸውን ነው የሚያዩት። መቀሱን አነሳሁ። የመጀመሪያውን ከረጢት ስቆርጥ አየሩ ሲገባ «ፍስ» አለ። ከዚያ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ከድሩ ከረጢቱን ያዘልኝ። ስድስቱንም በየትሪው፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋኋቸው።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሽታው ተነሳ።

«ኧረ ምን ሞቶ ነው!» ድንቅቱ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። አንዱ ሽማግሌ አግዳሚውን ወደ ኋላ ሊጎትት ሲል ሌላውን ጣለው። ሳቅ ሆነ። በዚያ ጊቢ ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ…

ኦቦ ዱቤ ጣታቸውን ነከሩ። «አይቅመሱት! መዳብ አለው፣ ዚንክ አለው፣ ሌላም…» ቀመሱት። አጣጣሙት። እኔ እንደ እብድ ውሃ ፍለጋ እሮጣለሁ፣ እሳቸው ግንባራቸውን ቋጥረው ያጣጥማሉ።

«ሶጊዳ» አሉ። ጨው። ከሁለተኛው ትሪም ቀመሱ። «ሶጊዳ! ኩን ቢዬ ኬኛ ሚቲ!»

«ይሄ የእኛ አፈር አይደለም ነው የሚሉት» አሉ አዴ ገለቴ። ድምፃቸው ተሰበረ።

ከዚያማ ማን ይመለስ! ሁሉም ካልቀመስኩ አለ። «ትፉት! ሁላችሁም ትፉት!» እያልኩ ጣሳ ይዤ እዞራለሁ። ከድሩም ምላሱን እየጠራረገ፣ «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቻለሁ። ጭቃ አለኝ በባሕር ሲባል ግን ገና ዛሬ ሰማሁ» አለ።

እነሱ ሲስቁ እኔ ትሪዎቹን አየሁ። ጥቁሩ ከዳር ጀምሮ እየቀላ፣ ቡናማ እየሆነ… የሐይቁ ጠርዝ ላይ የነበረው፣ ከሁሉም የምሳሳለት፣ መጀመሪያ ተለወጠ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ደብቄ ላለቅስ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

ድንቅቱ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «ምን ሆንሽ?»

«ሞተ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «አየር ሲነካው ይሞታል። ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

ኦቦ ዱቤ ጣታቸውን ከልብሳቸው ጠረጉ።

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ከፈትሽው?»

«ስንዴው እየረገፈ ነዋ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሽማግሌ ላይ ጮህኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ማክሰኞ

ንጋት ላይ የማጭድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ማሳው ሰው በሰው ሆኗል። ኦቦ ዱቤ ከፊት ናቸው። አዴ ገለቴ እንደ ልጅ ወዲያ ወዲህ ይሮጣሉ፣ ድስት ያጋጫሉ፣ ሰው ይጠራሉ።

እኔ ነዶ ተሸከምኩ። የመሣሪያው ተራዬ አለፈ። ሰዓቱን ላለማየት ስልኬን ቤት ትቼ ነበር የወጣሁት።

ታኅሣሥ 9

መንገዱ ትናንት ተከፍቶ ከተማ ገባሁ። ዶክተር ስምዖን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉ። «ባለመርከቦቹን ምን ብዬ ነው የማስረዳቸው?» አሉ። «ሁለተኛ ይሰጡናል?»

ተመልሼ ስመጣ ቦኖው ላይ ሰላም አሉኝ። ሰላም አልኩ። ጥሩ ነው… ግን ክፍሌ ያው ክፍሌ ነው። ለማን ይነገራል? ጭቃ ሞተብኝ ተብሎ ለማን ይለቀሳል?

ታኅሣሥ 28፣ ገና

አዴ ገለቴ ከበጉ ከጎድኑ ላኩልኝ። ብቻዬን በላሁ። እሳቸው ዘመድ ጋ ሄደዋል።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ጠዋት ኢሜይል ደረሰኝ። ባለመርከቦቹ ናሙና ሁለተኛ አይሰጡም። የመመረቂያው ርዕስ ተሰረዘ፤ ሌላ ፈልጊ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ሁለት መስመር ነው። ሦስት ዓመት በሁለት መስመር።

ሬዲዮው ደግሞ የማስተር ፕላኑ መቅረቱን ከትናንት ጀምሮ ይለፍፋል። ሰፈሩ ግን አልጨፈረም። ስንት ሰው ያለቀሰበት ነገር ነው… ከድሩ ሱቅ በር ላይ የቆሙት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሬዲዮውን አንዴ ደግመው ሰሙ፣ ተበተኑ።

አዴ ገለቴ ሊነግሩኝ እየሮጡ መጡ። «ቀረ አሉ! ሰማሽ?» ፊቴን አዩና ቆሙ። ኢሜይሉን ነገርኳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ለኔ የምሥራች፣ ላንቺ መርዶ፣ በአንድ ቀን?» አሉ። ተነሱና ወጡ። ደስታቸውን ያበላሸሁባቸው መሰለኝ።

አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ።

ድንቅቱ ናት፤ የንፍሮ ሰሃን ይዛለች። ከኋላዋ ሁለት የቦኖ ሴቶች፣ ከኋላቸው አዴ ገለቴ። ከሁሉም ኋላ ኦቦ ዱቤ፣ ጋቢያቸውን እንደ ልቅሶ ቤት ተከናንበው። ክፍሌ ሁለት ሰው ነው የሚያስቀምጠው። አልጋው ላይ ተደራርበው ተቀመጡ፣ ለሽማግሌው ወንበሬን ሰጠሁ። ንፍሮው ዞረ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ሦስት ዓመት የደከመችበት ሞቶባት፣ ሰው ብቻዋን ይተዋታል?» አሉ ኦቦ ዱቤ፤ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ። «እግዜር ያጥናሽ።»

«ያጥናሽ» አሉ ሴቶቹ።

ሳቄ መጣ። ለጭቃ ልቅሶ! ከዚያ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ አሁን ሳልደበቅ። ዝም በይ ያለኝ የለም። ለቅሶው ሲበርድልኝ ድንቅቱ ንፍሮ እፍኜ ላይ ጨመረችልኝና፣

«ቆይ ግን፣ ምን ልታውቂበት ነበር?» አለችኝ።

ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ ከባሕሩ ጀመርኩ። ሐይቁን፣ ጋዙን፣ ጋዙ ካመለጠ የሚገድላቸውን ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ብረቱ ይዞ የሚያስቀረውን ነገርኳቸው። አዴ ገለቴ ያስተረጉማሉ፣ ሲያቅታቸው ከራሳቸው ይጨምሩበታል፣ ድንቅቱ ደግሞ «አልገባኝም፣ ድገሚው» ትላለች። ደገምኩት።

ኦቦ ዱቤ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። ሴቶቹ ግን ንፍሮው እስኪያልቅ ሰሙኝ።